ውኃ የገባበት በርሜል

የዚያን ቀን ጠዋት ከጀውሃ ስንነሳ አሥራ ሁለት በርሜል በስድስት ግመል ጭነን ነበር። ከስድስቱ ሁለቱ የእኔ ናቸው። የእኔ ናቸው ልበል እንጂ፣ ጥሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ግመልም ሆነ አህያ ወይም የሰው ትከሻ «ተፈልጓል» ከተባለ ባለቤቱን የሚጠይቅ አልነበረም። ክረምት ነው። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ቆላውን ቆራርጦት ካሚዮኖቹ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ቆመዋል። የእንጨቱን ድልድይ ውኃ ከወሰደው ሦስተኛ ቀኑ ነው። በዚህኛው ዳር ያለውን ዕቃ የሮቢት ካሚዮኖች ወደሚጠብቁበት ዳር የሚያሻግር ከግመል በቀር አልተገኘም።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ የሆነው ነገር አይገባችሁም። እንድሪስ እባላለሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከማጀቴ ገበያ እስከ ሸዋ ሮቢት ጨውና ማሽላ ሲያመላልስ የኖረ ግመለኛ ነው፤ ሲሞት ሁለቱን ግመሎች ተወልኝ። ታላቅ ወንድሜ ጥሊያን በገባ በዓመቱ ለጥሊያን ላደረ አንድ አስካሪ ወታደር ክፉ መልስ መልሶ ታስሮ ተወሰደ፤ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ከዚያ ወዲያ እናቴ ከቤት በወጣሁ ቁጥር እጄን ይዛ፣ «ልጄ፣ በአላህ፣ የሚሉህን ሁሉ እሺ በል፤ አንተንም አታሳጣኝ» ትለኝ ነበር። እኔም እሺ እል ነበር። ሲገፉኝ እሺ፣ ሲሰድቡኝ እሺ፣ ግመሌ የማይችለውን ሲጭኑበት እሺ። ጓደኞቼ «እሺ ጌታዬ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኛል።

በርሜሎቹ ውስጥ ያለው ካርቡሮ የሚሉት ነገር ነው፤ ዛሬ ብየዳ ቤት ካርባይድ የሚባለው። ሲያዩት ተራ ግራጫ ድንጋይ ነው። ውኃ ሲነካው ግን ይፈላል፣ ይንሾካሾካል፣ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ክፉ ሽታ ያለው ጋዝ ይተፋል። ያ ጋዝ እሳት ካገኘ ይነዳል። ከደብረ ሲና በላይ ተራራውን እየበሱ መንገድ የሚያወጡት ሰዎች ጨለማው ውስጥ የሚሠሩት በዚህ ነገር በሚበራ ፋኖስ ነበር።

የጀውሃውን መጋዘን የሚጠብቁት ባሻይ ሀብቱ የሚባሉ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው የወርቅ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ኖረዋል፤ ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት የለም። ሦስት ወር ያህል በርሜል ሳራግፍላቸው ስላዩኝ ይወዱኝ ነበር። «ወደይ» ይሉኛል፤ በአገራቸው ልጄ ማለት ነው።

«ወደይ» አሉኝ አንድ ቀን በርሜሉን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «የዚህ ነገር ጠላቱ የወንዝና የዝናብ ውኃ ብቻ አይምሰልህ። አየሩ ውስጥ ያለችውን እርጥበት እንኳ ይጠጣታል። በቆርቆሮ ተጠርቅሞ የሚመጣው ለዚህ ነው። በርሜሉ ደህና ከሆነ እሱም ደህና ነው። ባዶ መሬት ላይ አታስቀምጠው፣ እንጨት አንጥፍለት። አታንከባልለው። ክዳኑን በብረት አትምታው፣ ብልጭታ ያወጣል። ሲጋራ የያዘ ሰው ካየህ አለቃህ ካፖውም ቢሆን አስወጣው።»

«ካፖውን?» አልኩ ደንግጬ።

«አዎ፣ ካፖውን! እሱ ሲነድ ካፖ መሆንህን አይቶ አይምርህም።»

«ውኃ ከገባበትስ ባሻይ?»

የጎደሉት ጣቶቻቸው የነበሩበትን ቦታ አሹት። «ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው» አሉ። «ይደነግጥና ክዳኑን ያጠብቀዋል። ጋዙ መውጫ ሲያጣ በርሜሉን ይቀድደዋል። እንዲያ አታድርግ። ክዳኑን በቀስታ አላላው፣ ከሰውና ከእሳት አርቀህ ሜዳ ላይ ተወው፣ ነፋስ ይውሰደው። በርሜሉ እንደሆነ ሌላ ያመጣሉ።»

የዚያን ቀን ጠዋትም ባሻይ እያንዳንዱን ክዳን በእጃቸው ዳስሰው፣ ጠርዙን ሰም ለቅልቀው፣ በደረቅ ቁርበት ሸፍነው አስጫኑን። «ውኃው እስኪጎድል እስከ ቀትር ቆዩ» አሉ። ኃላፊያችን ቀዩ ካፖ የምንለው ፊቱ የቀላ ወፍራም ጥሊያን ነው፤ እጁን አወናጨፈና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ጌታቸው፣ «ተራራው ላይ ፋኖሶቹ ሊጠፉ ነው፤ አሁኑኑ ተሻገሩ ይላችኋል» አለን።

ጌታቸው የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ የእኔ እኩያ። የጌታውን ቃል ለእኛ፣ የእኛን ለጌታው እያለሳለሰ የሚያደርስ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። እንደ እኔ የፈራ ሰው ነበር።

ወደ ወንዙ ገባን። ውኃው ደረት ላይ ይደርሳል፤ ቀለሙ የሸክላ አፈር ይመስላል፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ሁለቱ ግመሎች ደህና ተሻገሩ። ሦስተኛዋ ቀዮ የምላት የእኔ ግመል ናት። መሃል ላይ ስትደርስ የኋላ እግሯ ከሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተና በጎኗ ተንበረከከች። «ያ ረቢ!» ብዬ ሳብኳት። ተነሳች። በስተግራዋ ያለው በርሜል ግን ከቋጥኝ ጋር ሲጋጭ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ማዶ ወጥተን ቁርበቱን ስገልጥ የበርሜሉ መጋጠሚያ ከላይ ወደታች አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቷል። ጆሮዬን ጠጋ አደረግሁ። ከውስጥ ድስት ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ አለ። ሽታው አፍንጫዬን መታው። እጄን አስቀመጥኩበት፤ ሞቋል።

ጭነቱን በቶሎ ፈታሁና በርሜሉን ከሌሎቹ ለይቼ አሸዋው ላይ አቆምኩት። ክዳኑን ለማላላት ስጎነበስ ካፖው ደረሰ።

የመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። አብዛኛው የሣር ዳስ ሲሆን ቆርቆሮ የለበሱት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው። አንዱ አካፋና ዶማ የሚቀመጥበት ጠባብ የዕቃ ቤት ነው። ሁለተኛው ረጅም ዳስ ነው፤ እዚያ ውስጥ ወባ የጣላቸው ሃያ የሚሆኑ ሠራተኞች ተኝተዋል። ከደጋ የመጡ፣ የቆላ ትንኝ ያልለመዱ ሰዎች። በሩ አጠገብ እትዬ ዘይነብ አጥሚት ያፈሉላቸዋል። ለትንኙም እዚያው ዳሱ ውስጥ በገል ኩበት ይጤሳል። ሰማዩ ከደብረ ሲና በኩል ጠቁሮ እየወረደ ነው።

ካፖው ሰማዩን አየ፤ በርሜሎቹን አየ። በጣቱ ረጅሙን ዳስ አመለከተ።

«በርሜሎቹ በሙሉ እዚያ ይግቡ፤ ዝናብ እንዳይነካቸው» አለ ጌታቸው። «የተሰነጠቀውም ክዳኑ በመዶሻ ይጥበቅና፣ ስንጥቁ በጨርቅ ይደፈንና ከሌሎቹ ጋር ይግባ ይላል።»

«እዚያ ውስጥ እኮ ሰው አለ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«እሳትም አለ። ጌታቸው፣ ውኃ ገብቶበታል። ከደፈኑት ይፈነዳል። ሌሎቹም አብረው...»

ዞሮ ለካፖው አጭር ነገር አለው። ካፖው ሳቀ። ጌታቸው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እናንተ ሰነፎች ስለሆናችሁ ሰበብ አታጡም ይላል» አለኝ።

«ምን ብለህ ነገርከው?»

መሬት መሬት እያየ፣ «ትንሽ ያስፈራል ይላል አልኩት» አለ።

ወንድሜን አሰብኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ይሆናል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያን ሰዓት ያሰብኩት ትናንት ሌላ ጭነት ስናሻግር አንዱ በሽተኛ «የግመል ወተት የለህም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝን ነው። ነገ አመጣልሃለሁ ብዬው ነበር።

«እንደምናገረው ንገረው» አልኩት ጌታቸውን። «አለስልሰህ አይደለም። ይህን በርሜል ሰው የተኛበት ቤት አላስገባም በለው። ሌሎቹንም አላስገባም። ሊያስገባ ከፈለገ መጀመሪያ እሱ ይግባና ይተኛበት በለው።»

«እንድሪስ፣ አብደሃል? እንዲህ ብዬ...»

«በለው!»

እኔ ካፖውን በጌታቸው በኩል እንኳ «አንቱ» ሳልል ቀርቼ አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን «እሱ» እና «በለው» ስል የቀሩት ግመለኞች አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ።

ሄድኩና የዳሱ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ጠባብ ነው፤ እግሬን ስዘረጋ ሞላሁት።

እትዬ ዘይነብ ማማሰያቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። «ምን ሆነሃል ልጄ? ምንድነው የሚሸተው?»

«እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እሳቱን ያጥፉልኝ። የውስጡንም። በአመድና በአሸዋ።»

አንድ ጥያቄ አልደገሙም። ድስታቸውን አወረዱ፣ ጉልቻውን በተኑት፣ ፍሙ ላይ አሸዋ ቆለሉበት። ገሉንም ከውስጥ አውጥተው ቀበሩት። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩና መጥተው ከአጠገቤ ቁጭ አሉ።

«እርስዎ ይሂዱ» አልኳቸው።

«ወዴት ልሂድ? እነዚህን ልጆች ሁለት ወር አጥሚት ያጠጣሁት ለዚህ ነው? ቁጭ በል ዝም ብለህ።»

ካፖው መጣ። ሁለት አስካሪዎች ተከትለውታል። ሽጉጡን አወጣና ግንባሬ ላይ አነጣጠረ። ተናገረ፤ ምራቁ ፊቴ ላይ ይረጫል። ጌታቸው ላብ አጥምቆታል።

«እስከ ሦስት ይቆጥራል» አለኝ።

«ከተኮሰ እዚህ ካለው ሽታ ጋር ማን እንደሚተርፍ አላህ ያውቃል በለው። እኔ ከዚህ አልነሳም።»

ካፖው ቆጠረ። ኡኖ። ዱዌ። እትዬ ዘይነብ እጄን ያዙኝ፤ መዳፋቸው ከማማሰያው ሙቀት ገና አልበረደም። ሦስተኛው ቃል ከመምጣቱ በፊት ከኋላችን የሰው ኮቴ ሰማሁ። በሽተኞቹ ናቸው። አንዱ ግድግዳ ይዞ፣ ሌላው በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ፣ ጋቢያቸውን እየጎተቱ እስከ በሩ መጡ። ወተት የጠየቀኝ ሰውዬ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ከጀርባዬ ተቀመጠ። «ምን እንደሆነ አላውቅም» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ግን አብሬህ ነኝ።» ግመለኞቹም በርሜሎቹን ባሉበት ትተው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

ካፖው ሁላችንንም አየን። ሽጉጡን ገለበጠና በሰደፉ ጆሮ ግንዴን መታኝ። ወደቅሁ። ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ። ደሙ አንገቴ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

ሁለተኛ አልመታኝም። ሃያ ሰው መግደል ለመንገዱ ሥራ እንደማይበጅ አስቦ ይሁን፣ ሽታው አስፈርቶት ይሁን አላውቅም። ብቻ መሸነፉን እንዳያዩበት የሚፈልግ ሰው ፊት ነበረው። ወደ ዕቃ ቤቱ አመለከተ።

«የተሰነጠቀው እዚያ ይግባ» አለ ጌታቸው። «ምንም እንደማይሆን ያሳያችኋል። ከዚያ በኋላ ግን ሁላችሁም ትገረፋላችሁ ይላል።»

አንዱ አስካሪ ክዳኑን በብረት መዶሻ ሲመታ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልነደደም። ስንጥቁን በጨርቅና በጭቃ ደፈኑት፤ በእርጥብ ጭቃ! ዕቃ ቤቱ ውስጥ አስገብተው በሩን ቆለፉ። ካፖው ጌታቸውን በሩ ላይ ዘብ አቆመውና ራቅ ብሎ ወዳለው ድንኳኑ ገባ። አስካሪዎቹም ተከተሉት።

ዝናቡ ጀመረ። እኛ ጊዜ አላጠፋንም። አቅም ያጣውን በሽተኛ በጀርባችን አዝለን ከሰፈሩ ዳር ወዳለው የሣር ዳስ አዛወርን። አሥራ አንዱን ደህና በርሜል ከፍ ባለ ቦታ ድንጋይ ደርድረን፣ እንጨት አንጥፈን፣ ክዳናቸውን ወደላይ አድርገን አቆምናቸውና በግመል ጭነት ቁርበትና በሸራ ሸፈንናቸው። ከሰውም ከእሳትም ሩቅ ነበሩ።

ጌታቸው ግን እዚያው በሩ ላይ ቆሟል።

«ጌታቸው!» ብዬ ጮህኩ በዝናቡ መሃል። «ና ከዚያ ውጣ!»

ራሱን ነቀነቀ። «ቁም ብሎኛል!»

«ድምፁን ስማ! ጆሮህን በሩ ላይ አድርገህ ስማው!»

ጆሮውን አስጠጋ። ፊቱ ሲለወጥ ከሩቅ አየሁት። ወደ ካፖው ድንኳን ተመለከተ፣ ወደ እኛ ተመለከተ፣ እንደገና ወደ ድንኳኑ። ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አወለቀ፤ የጥሊያን ባርኔጣ ነበር፤ በሩ ሥር ጭቃው ላይ ጣለውና ወደ እኛ ሮጠ። አጠገቤ ደርሶ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ዕቃ ቤቱ ተሰነጠቀ።

ድምፁ አንድ ጊዜ ነው፤ ደረት ውስጥ የሚገባ። የጣሪያው ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ተነስቶ ወንዙ ዳር ሄዶ ወደቀ። ከዚያ ጥቀርሻ የሚተፋ ነጭ እሳት ዝናቡን ሳይፈራ እዚያው ውስጥ ነደደ። ዝናብ በወረደበት ቁጥር ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ጌታቸው ቆሞበት የነበረው በር ለሁለት ተሰንጥቆ ተወርውሯል። ሰው አልሞተም። ካፖው ከድንኳኑ ወጥቶ ቆሞ ሲያይ ነበር።

እትዬ ዘይነብ፣ «አልሀምዱሊላህ» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው፣ «ና፣ ደምህን ልጠብልህ» አሉኝ።

በማግስቱ ሆን ብለህ አበላሸህ ተብዬ ሃያ አለንጋ ተገረፍኩ። ግመለኞቹም እያንዳንዳቸው አምስት አምስት። እኔን ካሚዮን ጎማ ላይ አስረው ሁለት ቀን ፀሐይና ዝናብ አስመቱኝ። ቀዮንም ወሰዷት፤ ሁለተኛውን ግመሌን ጓደኞቼ ወደ እናቴ መልሰውልኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከተራራው አንድ መሐንዲስ ወረደ፤ ረጅም፣ መነጽር ያደረገ ሰው። የተቀደደውን ቆርቆሮ አገላብጦ አየ። የተደረደሩትን አሥራ አንድ በርሜሎች ቁርበቱን ገልጦ አየ፤ ክዳናቸውን ዳሰሰ። «ማን ነው እንዲህ ያስቀመጣቸው?» አለ። ጌታቸው እኔን አመለከተ። አስፈታኝ።

«እንዳንተ ያለ ሰው እፈልጋለሁ ይልሃል» አለኝ ጌታቸው። «ሮቢት ያለው መጋዘን ኃላፊ ትሆናለህ። ደህና ኑሮ ትኖራለህ።»

ጀርባዬ ላይ ሸሚዜ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። መሐንዲሱን ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«አንድ ነገር ጠይቀው» አልኩ። «በእናንተ አገር ይህን ዕቃ በሽተኛ የተኛበት ቤት ታስገባላችሁ ወይ? ብሎ ይጠይቅሃል በለው።»

ጌታቸው አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ አንዲት ሳይቀንስ ነገረው። ከድምፁ አወቅሁት። መሐንዲሱ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«እንግዲያው ሥራውን አልፈልግም በለው። ግመሌን ግን እወስዳለሁ።»

ከታሰረችበት ሄጄ የቀዮን ገመድ ፈታሁ። አስካሪው ጠመንጃውን ቀና አደረገና ወደ መሐንዲሱ አየ። መሐንዲሱ ፊቱን ወደ በርሜሎቹ መለሰ። በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ፣ ሳልሮጥ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ኋላ ጥሊያን ከወጣ በኋላ፣ በረሃ የነበሩ ጓደኞቼ ይወቅሱኝ ነበር። «አሥራ አንድ በርሜል ለጠላት ከምታድን ወንዙ ውስጥ አትጨምረውም ነበር?» ይሉኛል። ወቀሳቸውን አልጠላም። ነገር ግን ወንዙ ዳር ሴቶች ውኃ ይቀዱ ነበር፤ ከብት ይጠጣ ነበር። ደግሞም እውነቱን ልንገራችሁ፦ ያን ጠዋት ከቤቴ ስወጣ አርበኛ አልነበርኩም። ሃያ ሰው ሲነድ ማየት ያልፈለግሁ ግመለኛ ነበርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ወደ በረሃ ስንቅ ማመላለስ የጀመርኩት። ጌታቸውም ወር ሳይሞላው ጠፍቶ ወደዚያው ሄደ።

እናቴ የጀርባዬን ቁስል ስታጥብ አለቀሰች። «እሺ በል አላልኩህም?» አለችኝ። «ብያለሁ እናቴ፤ አንድ ቀን ብቻ አላልኩም» አልኳት። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ቀን አላልኩም። አለቃ ሆነው የመጡትን ሁሉ፣ የራሳችንን ሰዎች ጭምር፣ የማይሆነውን አይሆንም ብያቸዋለሁ። አንዳንዴ አስከፍሎኛል፤ አልተጸጸትኩም።

ይህን የምታነቡ ልጆች ጀግና ነበር ብላችሁ እንዳትሳሳቱብኝ። ጀግና የማይፈራ ሰው ከሆነ እኔ አይደለሁም። እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ በር ላይ ትደርሱ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፍርሃታችሁ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ፤ አይለቅም። እኔ ያን ደፍ ላይ ለምን እንደተቀመጥኩ ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ በሩን ለመዝጋት ነው እላለሁ። እሱም እውነት ነው። የቀረውን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ቆሜ ብሆን ኖሮ ካፖው ያየኝ ነበር።